የክሯ ጎረቤት

ቆርጦ ቀጥል በዓለም ላይ ሞልቷል። ቢሮ ብትገቡ ቆርጦ ቀጥል ነው፤ ስብሰባ ብትቀመጡ ቆርጦ ቀጥል ነው፤ ጋዜጣ ብትገልጡማ አይነገርም። ቆርጦ የማይቀጥል ሰው ለማየት ግን ወደ አንጎል ጥናት ተቋሙ ምድር ቤት መውረድ ግድ ነበር። እዚያ፣ ላብ ከሚያንጠባጥቡት የውሃ ቧንቧዎች ሥር፣ "ምላጭ" የሚሉት ሰው ጎንበስ ብሎ የአይጥ አንጎል ሲቆርጥ ይውላል። ይቆርጣል እንጂ አይቀጥልም። መቀጠል ጠልቶ አይደለም፤ ዕድሜ ልኩን የተመኘው እሱን ነው። አንዴ እንደ ቅጠል በሳሳ ቁራጭ የወጣ አንጎል ግን ተመልሶ አንጎል አይሆንም።

ምላጭ እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው፤ ለእጁ ይሁን ለምላሱ ግን እስካሁን አልተስማሙም። በእጁ በኩል የሚከራከር አልነበረም። አንጎሉን በፎርማሊን ያጠነክረዋል፣ ሰም ያጠጣዋል፣ ከመቁረጫው መኪና ላይ ይሰካውና እጀታውን እያዞረ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ቅጠል ያወጣል። ቅጠሉን ለብ ያለ ውሃ ላይ ያንሳፍፈዋል፤ ከዚያ በመስታወት ቁራጭ ከሥሩ ገብቶ፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያነሳ ሰው ትንፋሹን ይዞ፣ ብድግ ያደርገዋል። ምላሱን በተመለከተ ደግሞ አንድ ቀን ስለ ዳይሬክተሩ ሲጠይቁት የመለሰው ይበቃል። "እሳቸውን መቁረጥ አይቻልም" ነበር ያለው። "ምላጭ የሚይዘው ነገር ያስፈልጋል።"

ዳይሬክተሩ ፎቅ ላይ ናቸው። ከእሳቸው ዘንድ እብነ በረድ ደረጃ አለ፣ ምንጣፍ አለ፣ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የታተመ በራሪ ጽሑፍም በየጠረጴዛው ተከምሯል። ሽፋኑ ላይ በደቃቅ ፊደል "የአእምሮን ምሥጢር እንገልጣለን" ይላል። ሲገልጡት ግን የሚገኘው ምሥጢር ሳይሆን ዳይሬክተሩ ናቸው፤ ከእንግዶች ጋር፣ ከሌሎች እንግዶች ጋር፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ማይክሮስኮፕ ውስጥ በጥልቀት ሲመለከቱ። የማይክሮስኮፑ ክዳን አልተነሳም።

ምሥጢሩ የነበረው ታች ነው። ምላጭ በየአንጎሉ ውስጥ የሚከታተላት አንዲት የነርቭ ክር ነበረችው። ክር ሲቆረጥ ነጥብ ነውና፣ በየቅጠሉ ላይ የምትታየው እንደ ጠቆረች ነጥብ ሆና ነው። በሚቀጥለው ቅጠል ትንሽ ፈቀቅ ትላለች፣ በሚቀጥለው ደግሞ ትንሽ፤ ጉንዳን መንገድ ላይ እንደሚከተሉት ዓይነት ነው። ከጎኗ ሌላ ፈዘዝ ያለች ነጥብ አብራት ትሄዳለች። ምላጭ የመጀመሪያዋን "ክሯ"፣ ሁለተኛዋን "ጎረቤቷ" ይላቸዋል። ሁለቱ እንዲህ ጎን ለጎን ሲሄዱ ሄደው፣ ከአንጎሉ ውስጠኛ ጎድጓዳ አጠገብ ካለች አንዲት ለስላሳ ቦታ ሲደርሱ ቅጠሉ ይጨማደዳል፣ ይቀደዳል። በዚያች ቦታ ያልተቀደደ ቅጠል አውጥቶ አያውቅም። የተቀደደውን ቅርጫት ውስጥ ይጥላል። ቀጥሎ ደህና ሆኖ በሚወጣው ቅጠል ላይ ክሯም የለች፣ ጎረቤቷም የለች።

ወዴት ሄደች? ሦስት ሊቃውንት ጠይቋል። አንደኛው "ትበተናለች" አለው። ሁለተኛው "አካባቢው ገና አልተጠናም" አለው፤ የሚያጠናው ራሱ መሆኑን ረስቶ። ሦስተኛው ጥያቄው በአግባቡ አልተቀረጸም ብሎ አሰናበተው።

አዲሷ ተመራማሪ፣ ዶክተሯ፣ የመጣችው በዚህ ሁሉ ላይ ነው። ዕድሜዋ የእሱን ግማሽ ቢሆን ነው፤ የያዘችው አንድ ሻንጣና አንድ ካርቶን ሙሉ ጠርሙስ ብቻ። በመጀመሪያው ቀን ወደ ምድር ቤቱ ወርዳ፣ መኪናውን አይታ፣ "ጋሼ፣ ከእንግዲህ መቁረጥ ላያስፈልገን ነው" አለችው።

"እርስዎን ላያስፈልግዎ ይችላል" አለ ምላጭ። እርስዎ የሚለው ሲንቅ ነው። "እኔ ልጆች ያሳደግሁበት ነው።"

"አንጎሉን ስቡ እስኪወጣ እናጥበዋለን። ከዚያ ሌላ ፈሳሽ ውስጥ ስንነክረው እንደ ብርጭቆ ይጠራል። ሳንቆርጠው ከዳር እስከ ዳር እናየዋለን።"

"የታጠበ አንጎልማ ፎቅ ላይ ስብሰባ ሲኖር በብዛት ይመጣል። አንዱም ጠርቶ አላየሁም።"

ዶክተሯ ሳቀች። ከዚያ ከጠረጴዛው ላይ ዳቦውን የጠቀለለበትን ወረቀት አንስታ መስኮቱ ላይ ዘረጋችው። መሃሉ ላይ የዘይት ጠብታ አርፎበታል። "ጣትዎን ከጀርባው ያድርጉ" አለችው። አደረገ። ዘይት የነካው ቦታ ላይ ጣቱ ታየች፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ወረቀት ግን ምንም አያሳይም።

"ዘይቱ ወረቀቱን በሳው?" አለች።

"አልበሳውም።"

"ወረቀት ነጭ የሆነው በክሮቹ መሃል አየር ስላለ ነው። ብርሃን ከክር ወደ አየር፣ ከአየር ወደ ክር ሲገባ ሲወጣ ይሰበራል፤ መንገድ ይጠፋበታል። ዘይቱ የአየሩን ቦታ ያዘ። ዘይትና የወረቀት ክር ደግሞ ብርሃን የሚሰብሩበት ልክ ይቀራረባል። ስለዚህ ብርሃኑ አንድ ነገር ውስጥ ያለ መስሎት ቀጥ ብሎ አለፈ። አንጎልም እንደዚሁ ነው፤ ስቡ በራሱ ልክ ይሰብራል፣ ውሃው በራሱ፣ ሥጋው በራሱ። ስቡን እናስወጣለን፣ የውሃውን ቦታ ደግሞ ብርሃንን እንደ ሥጋው የሚሰብር ፈሳሽ እናስይዛለን።"

ምላጭ የምሳ ሰዓቱን ወረቀቱን መስኮት ላይ ዘርግቶ ጣቱን ሲያስገባ ሲያስወጣ አሳለፈው።

በማግስቱ ማታ ባለቤቱ የፊት ለፊቱ ክፍል ውስጥ የስፌት መኪናዋን ትታ ቆማ ጠበቀችው። ልብስ ሰፊ ናት። በጋብቻቸው ውስጥ እሱ ይቆርጣል እሷ ትሰፋለች፤ በዚህ ምክንያት ቤቱ እስከ ዛሬ አልፈረሰም ይላሉ የሚያውቋቸው። በእጇ የያዘችው የደንበኛ ቀሚስ የተነደፈበትን ወረቀት ነው። ከደረቱ እስከ ወገቡ ዘይት ጠጥቷል።

"ይህን ማን ቀባው?" አለችው።

"እኔ ነኝ። ጠዋት ከመሄዴ በፊት ነው። አስቤው አላውቅም እንጂ ዘይት ወረቀትን የሚያጠራው..."

"ምን አየህበት?"

"ጣቴን።"

"ጣትህ ከዘይቱ በፊት አትታይህም ነበር?" ብላ ወረቀቱን አጠፈችው። "ለነገሩ አትታይህም። የአይጥ ስብ ልታጥብ ነው አሉ፤ የራስህን ዓይን ሞራ ማን ያጥብልህ?"

ነገሯ መርፌ ነው፤ እውነትም ነው። የቀኝ ዓይኑ ከተጋረደ ቆይቷል፤ ግራውም ተራውን እየጠበቀ ነው። የዓይን ሐኪሙ የሞራ ግርዶሽ ነው፣ በቀላል ቀዶ ሕክምና ይወጣል ብሎታል። ምላጭ ግን ቀላል የሚባል ቀዶ ሕክምና አይገባውም። "ስለት ምን እንደሚሠራ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም" እያለ ቀጠሮውን ሲያስተላልፍ ከርሟል። ሌት ተቀን የሚያሳስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዓይኑ ሳይዘጋ ክሯ ወዴት እንደምትሄድ ማየት።

ይህን ጥያቄ አንድ ቀን ለዶክተሯ ነገራት፤ ረጅም ቃል እየጠበቀ። እሷ ቅጠሎቹን ደጋግማ አየችና "አላውቅም" አለች።

ምላጭ ዞሮ አያት። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ይህ ቃል ሲነገር ሰምቶ አያውቅም። ከዚያ ቀን ወዲህ "አንቺ ልጅ" ይላት ጀመር።

ዶክተሯ ሥራ ገባች። ክሯ ከምትነሳበት ቦታ፣ አይጧ በሕይወት ሳለች፣ የሚያበራ ቀለም በቀጭን መርፌ ይጨመራል፤ ቀለሙ በክሯ ውስጥ እየተሳበ ይሄዳል። አብዛኛው አልያዘም። ወራት ፈጅቶ አንድ ያዘ። ያን አንዱን አንጎል ከራስ ቅሉ ሳይጫር የሚያወጣ እጅ የምላጭ ነውና ለእሱ ተሰጠው፤ አወጣውም። ዶክተሯ ወደ ፎርማሊኑ እያየች "ለአንድ ሌሊት ብቻ" አለችው፤ ከዚያ ጉምሩክ የያዘባትን የማይክሮስኮፕ መነጽር ለማስለቀቅ ወደ ሌላ ከተማ ሄደች። ጉምሩክ ደግሞ ጉምሩክ ነው፤ ሁለት ሳምንት አንገላታት።

ምላጭ አንጎሉን በማግስቱ ሊያወጣው ሄዶ በመቆንጠጫ ጫፍ ነካ አደረገው። ለስላሳ ነው። አንድ ሌሊት ያደረ አንጎል ለቆራጭ እርጎ ነው፤ ስለት ሲነካው ይፈሳል። ያቺ ዕድሜ ልኩን ስትቀደድበት የኖረች ቦታ ትዝ አለችው። "ቢጠነክር ምን ይጎዳዋል?" አለ ለራሱ። ጠንክሮ የተጎዳ አንጎል በእጁ አልፎ አያውቅም። ክዳኑን መልሶ ገጠመ።

ዶክተሯ ስትመለስ መነጽሩን ጠረጴዛ ላይ እያስቀመጠች "መቼ አወጡት?" አለችው።

"ዛሬ ጠዋት። ድንጋይ አድርጌልሻለሁ።"

ዶክተሯ በርጩማው ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። "ጋሼ፣ እኛ አሁን አንቆርጠውም እኮ። ፎርማሊን ሥጋውን እርስ በርሱ ያስተሳስረዋል። በቆየ ቁጥር ቋጠሮው ይጠብቃል፤ ስቡ መውጫ ያጣል።"

ምላጭ የፎርማሊኑን ጠርሙስ አንስቶ ከዓይኑ አራቀው።

የሆነው ሆኖ አንጎሉ ስብ በሚያሟሟው ፈሳሽ ውስጥ ገብቶ፣ እንደ ሕፃን አልጋ በቀስታ በምትወዛወዝ ሞቃት ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ። ምላጭ ፈሳሹን ጠዋት ጠዋት ይቀይራል። ቀናት እያለፉ ሲሄዱ አንጎሉ ትንሽ አበጠና ከዳሩ ጀምሮ መጥፋት ያዘ። ሁለተኛው ፈሳሽ ውስጥ ሲያስገቡት ዶክተሯ መጥራቱን ለመለካት ከጠርሙሱ ሥር የሚቀመጥ የተጻፈ ነገር ፈለገች፤ በቅርብ የተገኘው የተቋሙ በራሪ ጽሑፍ ነው። ያ ጽሑፍ በአንጎል በኩል ሲነበብ የመጀመሪያው ነበር። በግራ ዳር "የአእምሮን"፣ በቀኝ ዳር "እንገልጣለን" የሚለው ጥርት ብሎ ታየ። መሃል ላይ ግን የወተት ጠብታ የመሰለ ደመና ተቀምጧል፤ "ምሥጢር" የሚለው ከሥሩ ቀርቷል።

ማይክሮስኮፕ ላይ አወጡት። እንደ ወረቀት የሳሳ ብርሃን ከጎን ገብቶ አንጎሉን ከላይ እስከ ታች ያስሰዋል፤ ቀለሙ የያዘው ብቻ ይበራል። ክሯ አረንጓዴ ሆና ታየች። መጣች፣ መጣች፣ ደመናው ውስጥ ገባች፤ አልወጣችም። ያችው ቦታ ናት።

በዚህ መሃል ዳይሬክተሩ ለአዲስ በራሪ ጽሑፍ ፎቶ ፈልገው ወረዱ። እንግዶች ሊመጡ ነው። ጠርሙሱን እያዩ "ታዲያ ምን ያስቸግራል?" አሉ። "መሃሉ ላይ ቁረጡትና ውስጡን አንሡት። ቆራጭ አላችሁ አይደለም እንዴ?"

ዶክተሯ ደክሟታል። ዳይሬክተሩን ሰምታ ሳይሆን ከልቧ ወደ ምላጭ ዞረች። "ምርጫው ሁለት ነው፣ ጋሼ። ከቆረጡት ግማሹን እናያለን፤ እጅዎ ላይ ነው። ወደ ሣጥኑ ከመለስነው ደግሞ ምናልባት ይጠራል፤ መቼ እንደሆነ ግን አላውቅም። ቀለሙም ሊደክም ይችላል።"

የእሱም ዓይን እንዲሁ። ምላጭ ወደ መኪናው አየ። እጀታዋ በእጁ ላብ ተሞርዳ ታበራለች።

"እዚያች ቦታ ላይ ዕድሜ ልኬን ቆርጫለሁ" አለ። "አንድም ቀን አልተናገረችም። አልቆርጥም።"

"ቆራጭ አልቆርጥም ካለ ምን ይሠራል?" አሉ ዳይሬክተሩ።

"ይጠብቃል።"

ዳይሬክተሩ ጠርሙሱን በእጃቸው ይዘው ፎቶ ተነሡና ወጡ። ገልብጠው ነው የያዙት።

አንጎሉ ወደ ሣጥኑ ተመለሰ። ምላጭ በየጠዋቱ ፈሳሹን ይቀይራል፤ በየሳምንቱ መጨረሻ ጠርሙሱን በራሪው ጽሑፍ ላይ አቁሞ አንገቱን ያስግጋል። ደመናው አለ። "ይነበባል?" ሲላት ዶክተሯ "መሃሉ ገና ነው" ትለዋለች። ደመናውን ከጎን አየው፣ ከላይ አየው፣ መብራት አምጥቶ አየው፤ ከቀን ወደ ቀን የሚወፍር ይመስለው ጀመር። በየመንገዱም ያየው ያዘ። የአውቶቡሱ ቁጥር ላይ፣ የደረጃው ጫፍ ላይ፣ የባለቤቱ ፊት ላይ።

አንድ ጠዋት ዶክተሯ ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች። ቀና ስትል ድምፅዋ ተለውጧል። "ጋሼ፣ 'ምሥጢር' ይነበባል። እያንዳንዱ ፊደል።"

ምላጭ ገፋ አድርጓት አየ። ጠርሙሱ ውስጥ ጉም ብቻ ነው። ዓይኑን አሽቶ እንደገና አየ፤ ያው ጉም ነው።

"ደመናው ከአንጎሉ ወጥቷል ነው የምትዪኝ?"

"ወጥቷል።"

"እንግዲያው የቀረው የእኔ ነው" አለ ቀስ ብሎ። ትንሽ ካሰበ በኋላ ደግሞ፣ "አንቺ ልጅ፣ ቀለሙ ሳይደክም ዛሬውኑ አንሺው። ያየሽውን ግን እንዳትነግሪኝ። ማንም አይንገረኝ።"

ከዚያ ቀጥ ብሎ ወደ ዓይን ሐኪሙ ሄደ። አልጋው ላይ ተጋድሞ ሐኪሙን ስለቱ ስንት ጊዜ አገልግሏል፣ ማን ሳለው፣ እጅህ ላብ ያልበዋል ወይ እያለ ሲመረምረው፣ ባለቤቱ ከበሩ ሆና "ዶክተር፣ ምላሱንም በዚያው ይዩለት" አለች። ፋሻው በተነሳ ጊዜ መጀመሪያ ያየው እሷን ነው። ደጋግሞ አያት።

"መቼ ነው እንዲህ ያረጀሽው?"

"አንተ አይጥ ስትቆርጥ" አለችው።

የዕረፍት ፈቃዱ ሳያልቅ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ምድር ቤት ወረደ። ዶክተሯ ምንም ሳትል ወንበር ስባ ሥዕሉን ከፈተችለት። ሙሉ አንጎል በጨለማ ውስጥ ተንሳፍፎ፣ እሷ ባዞረችው በኩል ይዞራል። ክሯ ውስጡ ተዘርግታለች። ነጥብ አይደለችም፤ ክር ናት። ምላጭ በጣቱ ይከተላት ጀመር። ያቺ ለስላሳ ቦታ ደረሰች። አልተቀደደችም፣ አልተጨማደደችም። እዚያ ትንሽ እብጠት አለች፤ ክሯ እንደ ምሰሶ ዞረቻትና ታጠፈች። ታጥፋም በመጣችበት ጎን ለጎን፣ ከራሷ ጋር እየተላከከች፣ ወደ ኋላ መመለስ ያዘች። ቀለሙ እስከዚያ ድረስ ሲሳብ ቀንሷልና የመመለሻዋ ብርሃን ፈዘዝ ያለ ነው።

ጣቱ ቆመ። "ይቺ እኮ ጎረቤቷ ናት።"

"ራሷ ናት፣ ጋሼ።"

ምላጭ ሁልጊዜ የሚፈልጋት በሚቀጥለው ቅጠል ላይ ነበር፤ ወደፊት፣ ወደፊት፣ ወደፊት። እሷ ግን ባለፉት ቅጠሎች ውስጥ፣ በዓይኑ ሥር፣ እየተመለሰች ነበር። ስም ሁሉ አውጥቶላታል። ጥግ ወዳለው ቅርጫት አየ። መታጠፊያዋ የነበረችው እዚያ ውስጥ ነው፤ ተቀደደ ብሎ በጣላቸው ቅጠሎች ሁሉ ላይ።

"በስንቱ ልቤን አወለቅሁት" አለ። አዝኗል እንዳይባል እየሳቀ ነው።

ቤቱ ሲገባ ባለቤቱ እጅጌ እየጨረሰች ነበር። ጫማውን ሳያወልቅ ከጎኗ ተቀምጦ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራት፤ እሷ እየሰፋች ሰማችው። የስፌቱ ጫፍ ላይ ስትደርስ የመኪናዋን ማንሻ ገፋ አድርጋ ሁለት ሦስት ጥልፍ ወደ ኋላ ሰፋች፤ ክሩንም በጥርሷ በጠሰችው።

"ስፌት ጫፉ ላይ ካልተመለሰ ይተረተራል" አለች። "ይህን ለማወቅ ያን ሁሉ አይጥ?"

"አንቺን ብጠይቅሽ ትነግሪኝ ነበር?"

"ክር መሆኗን ካልነገርከኝ እንዴት ብዬ።" ሁለተኛውን እጅጌ አነሳች። መኪናዋ ሁለት ዙር ዞራ ቀጥ አለች፤ እግሯ ከፔዳሉ ላይ ተነሥቷል። "ቆይ እስቲ። ከተመለሰች በኋላስ ወዴት ሄደች?"

ምላጭ መታጠፊያዋን ሲያይ ሌላው ሁሉ ጠፍቶበት፣ መጨረሻዋን አላየም። ብድግ ብሎ ካፖርቱን ፈለገ።

"ቅዳሜ ነው" አለችው። "ዘግተው ሄደዋል። ነገም እሁድ ነው።"

ካፖርቱን በእጁ እንደያዘ ተመልሶ ተቀመጠ። ጫማውን ግን አላወለቀም።